አንድ ቀን በሮም፦ ዐሥራ አንድ ቦታ ወይስ አንድ አግዳሚ ወንበር?

ጥያቄ፦

ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፤ እኔ የ67 ዓመት ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባለቤቴም ለረጅም ዘመን በነርስነት አገልግላ ጡረታ ከወጣች አራት ዓመት ሆኗታል። በመጪው ጥቅምት ፍራንክፈርት የምትኖረውን ልጃችንን ጠይቀን ስንመለስ በሮም በኩል እንድናልፍ፣ እዚያም ሁለት ሌሊት አድረን አንድ ሙሉ ቀን ከተማዋን እንድናይ ልጆቻችን ተመካክረው ትኬትና ሆቴል ገዝተውልናል። ሆቴሉ ቴርሚኒ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። እኔ በዚያ ቀን ልናያቸው የሚገቡ 11 ቦታዎችን በቅደም ተከተል ጽፌ አዘጋጅቻለሁ። ባለቤቴ ግን ጉልበቷን ስለሚያማት ገና ከአሁኑ ታማርራለች፤ ምን ማየት እንደምትፈልግ ስጠይቃት ደግሞ «አንድ ጥሩ ቦታ ቁጭ ብዬ ሰው ባይ ይበቃኛል» ትለኛለች። ይህ መልስ ነው ይባላል? ልጃችንም በበኩሏ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን አደባባይ «ባዶ ቦታ ምን ያደርግላችኋል?» ብላ ከዝርዝሬ ሰርዛዋለች። በዚህ ሰበብ ቤታችን ውስጥ ኩርፊያ ቢጤ ገብቷል። ቀኑን ሁለታችንም ሳንቆጭ እንዴት እናሳልፈው?

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፤ ባለቤትዎ የሰጡዎት መልስ፣ መልስ ነው። እንዲያውም በደብዳቤዎ ውስጥ ካነበብኳቸው አሳቦች ሁሉ ለዚያች ከተማ ይበልጥ የሚስማማው እሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እርስዎ ዐሥራ አንድ ቦታ ሲጽፉ እሳቸው አንድ ጠየቁ፤ የጠየቁትም በዝርዝርዎ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ስለ ጉልበታቸው ከመነጋገራችን በፊት ስለ ዝርዝሩ እንነጋገር።

መምህር ስለሆኑ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከሆቴል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ወጥታችሁ ፀሐይ እስክትጠልቅ ብትቆዩ ያላችሁ ጊዜ ዐሥር ሰዓት ነው፤ በጥቅምት መጀመሪያ ሮም ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነውና። ለምሳና ለትንሽ እረፍት ሁለት ሰዓት ይቀንሱ። ዐሥራ አንድ ቦታ ለማየት ዐሥር ጊዜ ከቦታ ወደ ቦታ መጓዝ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ጉዞ ግማሽ ሰዓት ቢያስቡለት አምስት ሰዓት በመንገድ ያልቃል። የሚቀረው ሦስት ሰዓት ለዐሥራ አንድ ሲካፈል ለአንድ ቦታ 16 ደቂቃ ይደርሰዋል። ይህም በየበሩ የሚኖረው ሰልፍና ፍተሻ ሳይታሰብ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት የቆመን ሕንፃ በ16 ደቂቃ ማየት ይቻላል ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ሞክሬው አልሆነልኝም። ከዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ በዚያችው ከተማ በአንድ ቀን ዘጠኝ ቦታ ዞረን ማታ ሆቴል ስንደርስ እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን ተቀምጠን፣ የትኛው ፏፏቴ በየትኛው አደባባይ እንደነበረ መስማማት አቅቶን ነበር። ዛሬም ድረስ አልተስማማንም።

ከዝርዝርዎ ውስጥ አንዳንዶቹን ያለ ብዙ ሐዘን መሰረዝ ይቻላል። የቫቲካን ሙዚየሞች ግማሽ ቀን የሚወስዱ ናቸው፤ አብዛኛውም በእግር መቆም ነውና ለታመመ ጉልበት አይሆኑም። የስፔን ደረጃ የሚባለው 135 ደረጃ አለው። ደክሞን ብንቀመጥስ ብለው እንዳያስቡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በደረጃዎቹ ላይ መቀመጥ በቅጣት የሚያስጠይቅ ሆኗል። ትሬቪ የተባለው ፏፏቴ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሰዉ ከውሃው ስለሚበዛ እሱን ለሌላ ጊዜ ይተውት። የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ማየት ለባለቤትዎ የልብ ምኞት ከሆነ ግን የምለው ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ጠዋቱን በሙሉ ለእሱ ይስጡና ከዚህ በታች የምጽፈውን የጠዋት ዕቅድ ይተውት። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማድረግ ግን አይሆንም።

የእኔ አሳብ ቀኑ በሦስት ቦታ ብቻ እንዲያልፍ ነው፤ ሦስቱንም የመረጥኳቸው ታሪካቸውን እርስዎ ከቤትዎ ይዘውት ስለሚሄዱ ነው። የማያውቁትን ነገር ቆሞ ለማየት አስጎብኚ፣ መጽሐፍና ብርቱ ጉልበት ያስፈልጋል። ግማሹን የሚያውቁትን ነገር ግን ተቀምጦም ማየት ይቻላል።

ጠዋት በታክሲ ወደ ፒያሳ ናቮና ይሂዱ። ታክሲውን ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ተራ ይያዙ፤ ሕጋዊዎቹ ነጭ ቀለም ያላቸውና ቆጣሪ የሚያሠሩ ናቸው። በጣቢያው ውስጥ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ የሚቀርብዎትን ሰው አመስግነው ይለፉት። ናቮና የጥንቱ የንጉሠ ነገሥት ዶሚሺያን ስታዲየም የነበረበት ቦታ ነው፤ የሩጫ ሜዳው ቅርጽ እስከ ዛሬ ስላልጠፋ አደባባዩ ረጅምና ሞላላ ነው። ሜዳው ደልዳላ ነው፣ መኪና አይገባበትም፣ የድንጋይ አግዳሚ ወንበሮችም አሉት። ባለቤትዎ የጠየቁት ቦታ ይኸው ነው። ከሦስት ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ደግሞ ጠራጊዎቹ፣ ዕቃ አውራጆቹና ውሻቸውን ይዘው የሚወጡት ያገሬው አዛውንቶች ብቻ ናቸው የሚኖሩት።

ለእርስዎ ለጂኦግራፊው መምህር ደግሞ በአደባባዩ መካከል ያለው ምንጭ አለልዎት። ቤርኒኒ የተባለው ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ1651 የፈጸመው ይህ ሥራ የአራት ወንዞች ምንጭ ይባላል፤ ከየአህጉሩ አንድ ወንዝ በሰው አምሳል ተቀርጿል፦ ዳኑብ፣ ጋንጀስ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታ እና የእኛው ናይል። የሦስቱ ፊት ይታያል፤ የናይል ግን ራሱ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ምክንያቱም የወንዙ መነሻ በዚያ ዘመን ለአውሮፓ ያልታወቀ ነበር። ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይ ላይ ቆሞ የዓባይን ምንጭ በዓይኑ ካየ 33 ዓመት አልፎት ነበር፤ ወሬው ግን ቀራፂው ዘንድ ገና አልደረሰም ማለት ነው። የሰከላ ገበሬ ደግሞ ከፓኤዝም ከቤርኒኒም በፊት ያውቀው እንደነበር ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። አጠገባችሁ የሚቆም አስጎብኚ «ናይል ፊቱን የሸፈነው የቤርኒኒ ባላንጣ ቦሮሚኒ የሠራውን ቤተ ክርስቲያን ላለማየት ነው» ሲል ከሰሙት አይመኑት፤ ቤተ ክርስቲያኑ መሠራት የጀመረው ምንጩ ካለቀ በኋላ፣ በ1652 ነው። ይህን ሁሉ ለባለቤትዎ ሲያስረዱ አንድ ሰዓት ይሄዳል። እሳቸው ሰው እያዩ ይሰሙዎታል።

ከዚያ ፓንቴዎን ወደሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ ያለው መንገድ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ዐሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ቁልቁለትም ዳገትም የለውም። መንገዱ እኛ ኮብልስቶን በምንለው ዓይነት ጥቁር ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ግን ባለቤትዎ ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ ያድርጉ፤ ለፎቶ ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ ቤት ይቅር። በመንገድ ዳር ሌት ተቀን የሚፈስሱ የብረት ቦኖዎች ያያሉ፤ ሮማውያን ናሶኒ፣ ትልልቅ አፍንጫዎች እንደማለት፣ ይሏቸዋል። ውሃቸው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው፤ ገንዘብም አይጠየቅበትም። አንድ ባዶ ጠርሙስ ይዞ መውጣት ነው።

ፓንቴዎን በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ126 ገደማ የተጠናቀቀ ሕንፃ ሲሆን፣ የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር ነው፤ ከወለሉ እስከ አናቱ ያለው ከፍታም ያው ልክ ነው። ብረት ሳይገባበት በኮንክሪት ከተሠሩ ጉልላቶች ውስጥ እስከ ዛሬ የሚበልጠው አልተገኘም። አናቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲጥል ወደ ውስጥ ይጥላል፣ ውሃውም በወለሉ ቀዳዳዎች ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ609 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ባለቤትዎ ነጠላቸውን ይያዙ፤ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች ስላሉ አረፍ ብሎ ወደ ላይ ማየት ይቻላል። መግቢያው ጥቂት ዩሮ የሚከፈልበት ነው፤ ትኬቱን ልጆችዎ አስቀድመው በኢንተርኔት ይግዙላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ትኬቱ ላይ 10:00 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ከአገራቸው ሰዓት ጋር ተጣልተው የተገዛ ትኬት የተቃጠለባቸው አዛውንት ጥቂት አይደሉም።

በጉልላቱ ሥር ትይዩ ሆነው የተቀበሩ ሁለት ነገሥታት አሉ። ከሁለቱ አንዱ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ ነው። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ሲፈረም፣ የዓድዋም ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲደረግ የኢጣሊያ ንጉሥ የነበረው እሱ ነው። ዓድዋን በየዓመቱ ለተማሪ ሲያወሩ የኖሩ ሰው እዚያ መቃብር ፊት ሲቆሙ የሚሰማቸውን እኔ ከዚህ ሆኜ ልጽፍልዎት አልችልም፤ የእኔን ብቻ ልንገርዎት፦ ቂም አልተሰማኝም፣ ድልም አልተሰማኝም፤ ሰውየው ከመጽሐፍ ገጽ ወጥቶ ድንገት ሰው ሆነብኝ። በመቃብሩ ፊት ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማውራት ግን የጨዋ ወግ ነው።

ከፓንቴዎን ስትወጡ ቡና ይጠጡ። ስለ ገንዘቡ በደብዳቤዎ ባይጽፉም የጡረተኛን ኪስ ስለማውቅ እነግርዎታለሁ፤ በሮም ባንኮኒው ላይ ቆሞ የሚጠጣ ቡናና ወንበር ስቦ የሚጠጣ ቡና ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ ታዋቂ አደባባይ ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ይሁንና በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ይክፈሉት። ልጆችዎ ትኬት ገዝተው የላኳችሁ ባንኮኒ ላይ ቆማችሁ ሁለት ዩሮ እንድታተርፉ አይደለም። ማኪያቶ ሲያዙ ግን የሚመጣልዎት እንደ አዲስ አበባው በብርጭቆ ወተት የበዛበት ሳይሆን በትንሽ ሲኒ ጠብታ ወተት የነካው ቡና መሆኑን ይወቁ፤ ባለቤትዎ ወተቱን ከፈለጉ ካፑቺኖ ይበሉ።

ስለ ቋንቋውም ብዙ አይጨነቁ። ፌርማታ ብለው ቢጠይቁ ፌርማታ ያሳዩዎታል፤ መጸዳጃ ሲፈልጉ ባኞ ማለት ይበቃል፤ ፒያሳም ያው ፒያሳ ነው። የሕዝብ መጸዳጃ በከተማዋ እንደ ልብ ስለማይገኝ ቡና ከጠጡበት ቤት ሳይጠቀሙ አይውጡ። ጉዞው ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ውሎ ባለቤትዎ የሚጾሙ ከሆነ ፒዛ ማሪናራ ይዘዙላቸው፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት እንጂ አይብ የሌለበት ነው። ለሌላው ምግብ «ሴንሳ ፎርማጆ» ያሉት እንደሆነ ያለ አይብ ማለትዎ ነው። የጾም ጉዳይ ያስቸግራል ብለው አስቀድመው ሽሮ ይዘው እንዳይሄዱ፤ እንጀራ ካማራችሁም በቴርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ሮም ሄዶ እንጀራ በላ ብሎ የሚስቅ ይሳቅ።

ከምሳ በኋላ ሆቴል ገብታችሁ ባለቤትዎ እግራቸውን ከፍ አድርገው አንድ ሰዓት ተኩል ይተኙ። ይህን ሰዓት እንደባከነ አይቁጠሩት። እርስዎ መተኛት ካልቻሉ (ከደብዳቤዎ ጠባይዎን እንደገመትኩት አይችሉም) ለብቻዎ ወጣ ይበሉ። ባልና ሚስት አንድ ሰዓት ለየብቻ ስለዋሉ ጉዞው አልፈረሰም፤ ማታ የሚያወሩትን ያበዛላቸዋል። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ፣ ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ባለች ትንሽ የአትክልት ቦታ ውስጥ የመታሰቢያቸው ሐውልት ቆሟል፤ ሐውልቱ ራሱ ከግብፅ የመጣ የራምሴስ ዘመን ድንጋይ ነው። በዚያ ጣቢያ የሚያልፍ ሐበሻ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ የአሉላን ስም ሳያውቅ ይረግጣል። ሲወጡ ፓስፖርትዎን ሆቴል አስቀምጠው፣ ገንዘብዎንም በውስጥ ኪስ አድርገው ይሂዱ፤ ጣቢያው አካባቢ ኪስ አውላቂ አይጠፋም።

አሁን ልጅዎ ወደ ሰረዘችው ቦታ እንምጣ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ሁለታችሁም በታክሲ ወደ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ይሂዱ፤ በምድር ውስጥ ባቡር ከመረጡ ከቴርሚኒ በቢ መስመር ሦስተኛው ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ነው፣ ግን ደረጃ አለው። ልጅዎ እንዳለችው ሐውልቱ እዚያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም ተወስዶ፣ 24 ሜትር ቁመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት ይዞ፣ ያኔ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ይሆናል ተብሎ በታሰበውና ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሚገኝበት ሕንፃ ፊት ቆሞ ኖረ። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ እመልሳለሁ ብላ ፈርማ የመለሰችው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም.፣ በሦስት ተከፍሎ በሦስት የአውሮፕላን ጉዞ ነው። ነሐሴ 2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆሞ ተመረቀ። ስለዚህ ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት፦ ሐውልቱ እዚያ አለመኖሩ ነው የሚታየው። የተወሰደ ነገር የተመለሰበትን ሥፍራ በዓይን ማየት የሚቻልባቸው ከተሞች በዓለም ላይ ብዙ አይደሉም፤ አባቷ ደግሞ የሐውልቱን መሄድም መመለስም በክፍል ውስጥ ያስተማሩ ሰው ናቸው።

ቦታው ባዶ ያልነበረበት አንድ ማታ ደግሞ አለ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ ቤት የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሲከበር፣ አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጠ። ውድድሩ ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ተነሥቶ፣ በጥንቱ የአፒያ መንገድ ወታደሮች ችቦ ይዘው እያበሩ፣ መጨረሻው በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነበር። ሐውልቱ ያኔ እዚያው ፖርታ ካፔና ቆሞ ነበርና አበበ ከሞሮኮው ራህዲ ጋር ጎን ለጎን እየሮጠ ከደረሰ በኋላ እዚያ አካባቢ ፍጥነቱን ጨምሮ ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። ከሐውልቱ ሥፍራ እስከ ቅስቱ ያለው የሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ቀጥ ያለ፣ ደልዳላ፣ በዛፍ የታጀበ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ነው። ባለቤትዎ በቀኑ ውስጥ የሚሄዱት ረጅሙ የእግር መንገድ ይህ ይሁን፤ ለዚህ ነው ከቀትር በኋላ ይተኙ ያልኩት። አበበ በጥቂት ደቂቃ ያለፈውን እናንተ አርባ ደቂቃ ብትወስዱበት የሚቆጥርባችሁ ዳኛ የለም።

ቅስቱ ጋ ስትደርሱ ኮሎሲየም አጠገባችሁ ነው። በ11 ቦታዎችዎ መጀመሪያ ላይ እንደጻፉት እገምታለሁ፤ ከውጭ ይዩት። ሲመሽ መብራት ሲበራበት ከውጭ ማየቱ ከውስጡ የሚያንስ አይደለም፤ የውስጡ ደረጃም ለባለቤትዎ ጉልበት የተሠራ አይደለም። እዚያ ፎቶ ተነሡ፤ ልጆችዎ የሚጠብቁት ፎቶ እሱ ነውና ይላክላቸው። የጥንት ሮማዊ ወታደር መስሎ ለብሶ አብሯችሁ ፎቶ ሊነሣ የሚጠጋችሁ ሰው ካለ በኋላ ገንዘብ ስለሚጠይቅ በትሕትና እንቢ በሉት።

ዝርዝሩን ለባለቤትዎ ዛሬውኑ መልሰው ያሳዩዋቸው፤ ስምንቱን ቦታ የሚሰርዙት ግን እርስዎ ይሁኑ፣ በእሳቸው ፊት፣ በራስዎ እስክሪብቶ። ከዚያም ናቮና ላይ የሚቀመጡበትን ወንበር እሳቸው ይምረጡ፤ ምናልባት ለናይል ጀርባ የሚሰጥ ይሆናል፤ ቢሆንም አብረው ይቀመጡ። ማታ ከቅስቱ ሲመለሱ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ቴርሚኒ ሁለተኛው ፌርማታ ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን ታክሲ ይያዙ።